ፀሐይ ላይ የዋለ እርድ

ዱራሜ ውስጥ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ጓሮ የተጣለ ጀሪካን የሌለበት ቤት አላውቅም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ለሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ጥያቄ የመጣው ከዚሁ ጀሪካን ነው፦ ፋብሪካ ከሚጨምረው ኬሚካል ይልቅ የተፈጥሮ ቀለም ፕላስቲክን ከፀሐይ ጨረር ያድነው ይሆን?

አሮጌ ጀሪካን ቆራርጬ አቀለጥኩ። አንዱን ከእርድ፣ አንዱን ከቀይ አፈር ጋር ለወስኩት፤ ሌላውን ለማወዳደሪያ ባዶውን ተውኩት። ስስ አድርጌ ጠፍጥፌ ጣውላ ላይ ቸነከርኳቸውና በጋውን ሙሉ ፀሐይ እንዲመታቸው ጓሮ አቆምኩ። ክረምት ሲገባ ውጤት ይዤ ካልቀረብኩ ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። መነጫነጭ ስለምወድ ይህን ቤት ውስጥ ያልሰማ የለም።

እናቴ ያን ሰሞን ከገጠር መጥታ እኛ ጋ መኖር ጀምራ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የእርዱ ቢጫ ሲደበዝዝ አይቼ፣ «አለቀልኝ፣ ቀለሙን ፀሐይ በላው» እያልኩ እራት ላይ ስቆዝም ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ መደብዘዙን አቆመ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩም ቀይ እንደሆነ ወራት አለፉ። ባዶው እንኳ ሳጥፈው እንደ አዲስ ይተጣጠፍ ነበር። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ደስታ ግን ያጃጅላል።

አንድ ቀን ተማሪዎች ፈትኜ እኩለ ቀን ላይ ቤት ስገባ፣ እናቴ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ጣውላዬን እንደ ሕፃን አልብሳዋለች። ለካ እኔ ጠዋት ስወጣ ትሸፍነዋለች፤ ወደ ማታ ቅጠሉ ሲጠወልግ አንስታ ለላማችን ትሰጣለች።

«ምን አደረግሽኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

እሷ ግራ ገባት። «ፀሐይ በላው ብለህ አዝነህ አልነበር?» አለችኝ በከምባትኛ። «ይህን ያህል የለፋህበት ነገር እያየሁት ይቃጠል?»

ምን ይባላል? በጋው አልቋል፤ ልፋቴን ውሃ በላው። ለአማካሪዬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከልባቸው ሳቁ፤ ምረቃውን ግን አስተላለፉት።

በሚቀጥለው በጋ አዲስ ቁራጮች ሠርቼ ደግሜ አቆምኩ። እናቴ ሲቃጠል ላለማየት በርጩማዋን ይዛ ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞረች። በጋውን ሙሉ ጓሮ ዝር አላለችም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ነቀልኳቸው። ባዶው ገና ሳጥፈው ቀሽ ብሎ ተሰበረ። የእርዱ ቀለም ነጥቷል፤ ፕላስቲኩ ግን አልተሰበረም። በደስታ እየሮጥኩ ወሰድኩላት። ተቀብላ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ቀለሙ የለም እኮ» አለች።

«ፀሐዩን እሱ ስለተቀበለለት ነው ፕላስቲኩ የተረፈው፣ እማዬ።»

ቁራጩን እያገላበጠች፣ «ለቀለሙስ ማን ጋረደለት?» አለችኝ።

እናቴ እኔን ያስተማረችኝ አዲሎ ከተማ መንገድ ዳር፣ ጥላ በሌለበት፣ ዓመት ከዓመት ዝንጅብል ሸጣ ነው። ፀሐይ ያጠቆረውን ፊቷን አየሁት። በርጩማዋን ወደ ጥላው ሳብኩላት።