ሐ ብዬ የመለስኩት ጥያቄ

መዝገብ ቤት ስሠራ አሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ ከሚሴ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፣ የገበሬ መሬት ጉዳይ የሚታይበት። በነዚያ ሁሉ ዓመታት በአንድ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ በላይ ፋይል የሚያውቅ ሰው የለም። ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እኔና መደርደሪያዎቼ ግን እዚያው ነን። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ሁሉም ሠራተኛ የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ የሌላው ሰው ፊት ሲለዋወጥ፣ እኔ የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ አንብቤ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ፈተናው ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ መንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ያለፈ በሥራው ይቀጥላል፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ለተሻለ መደብ መወዳደር ይችላል። ያላለፈ ደግሞ «ሥልጠና ይሰጠዋል» ይላል። ከሥልጠናው በኋላ ስለሚሆነው ነገር ወረቀቱ ምንም አላለም። ሰዉን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር።

ከኔ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግቡ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ጨፋ ሸለቆ ተወልደው ያደጉ ናቸውና በኦሮምኛ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጨርሱታል። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን አዩት?»

«አየሁት። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልሁን?»

«ምን አለው፤ የምንሠራውን ሥራ ነው የሚጠይቁን።»

«እሱማ ነው ከባዱ» አሉና ሳቁ።

በሳምንቱ አንዷ ባልደረባችን ከቴሌግራም ያገኘችውን የሙከራ ፈተና ኮፒ ቤት አሳትማ አመጣችልን። ሃምሳ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፤ መልሱ መጨረሻው ገጽ ላይ። በምሳ ሰዓት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። በዚያ ሰዓት ከሚሴ መንገድ ላይ ሰው አይገኝም፤ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ስልኬ ላይ ሰዓት ሞላሁና «ቢስሚላህ» ብለን ጀመርን።

እኔ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨርሼ እግሬን ዘረጋሁ። ጋሼ ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ሠላሳ አራተኛው ላይ ነበሩ። ወረቀት ተቀያይረን ስንተራረም እኔ ሃያ ሁለት፣ እሳቸው አሥራ ዘጠኝ።

«የመልስ ወረቀቱ የሌላ ፈተና ይሆን እንዴ?» አልኩ።

«የሌላ ፈተና እንኳን ቢሆን ከዚህ ይሻለን ነበር።»

ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅኩ ውስጤ አልሳቀም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አውቃለሁ ያልኩ ሴት፣ በራሴ ሥራ ላይ ተጠይቄ ግማሹን አላገኘሁም። ዕለቱን ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ገባሁና የልጆቼን የቤት ሥራ ጠረጴዛ ተሻምቼ አንድ በአንድ አየሁት። ሃያ ስምንቱ ስህተት ሁሉ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ዘጠኙ «በስተቀር» እና «ያልሆነው የቱ ነው» የሚሉትን ቃላት ዘልዬ በማንበቤ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ለጆሮ ደስ የሚለውን ምርጫ በመክበቤ ነው፤ «ሕዝብን በቅንነት ማገልገል» የሚል ካየሁ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን እከብበው ነበር። በትክክል የማላውቃቸው አሥር ቢሆኑ ነው። አሥር ነገር ደግሞ ይጠናል።

ደብተር ገዛሁ። የሳትኩትን ጥያቄ ብቻ እጽፍበታለሁ፤ ከሥሩ ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን ለምን እንደሳትኩት እጽፋለሁ። «ቸኩለሽ ነው።» «ሕጉን አላነበብሽም።» «ቃሉን አታውቂውም።» ለራሴ እንደ ተቆጪ አስተማሪ ነበር የምጽፈው።

ቃላቱን በማወቅ ጋሼ ይበልጡኝ ነበር። እኔ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን እየደባለቅኩ ሳስቸግር አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«በኦሮምኛ ግልጽነት ኢፍቶሚና ነው። ኢፋ ምንድን ነው?»

«ብርሃን።»

«በቃ፤ የምትሠሪው ብርሃን ላይ ከሆነ ሰው ያየዋል። ተጠያቂነት ግን ሰው ካየ በኋላ ‹ለምን እንዲህ አደረግሽ?› ሲልሽ የምትመልሺው ነው። ማየትና መጠየቅ ይለያያል።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ደባልቄ አላውቅም።

ሁለተኛውን ሙከራ ሠላሳ አንድ አገኘሁ፤ ጋሼ ሃያ ስድስት። እዚያ ሙከራ ላይ ስለ ይግባኝ ጊዜ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር። እኔ ለ ብዬአለሁ፣ መልሱ ሀ ይላል። ልቀበለው አልቻልኩም። የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ሕጉን ራሱን አስወጣሁና ቆሜ አነበብኩት። ለ ነው! ወረቀቱን እያውለበለብኩ ግቢውን አቋርጬ ስመጣ ያየኝ ሰው ዕድገት ያገኘሁ መስሎት «ማሻ አላህ» አለኝ። ለኔ ከዕድገት አያንስም ነበር። ከዚያ በኋላ የመልስ ወረቀቱን እንደ ምስክር ቃል እንጂ እንደ ፍርድ አላየውም፤ የተጠራጠርኩትን ሁሉ ሕጉ ላይ አየዋለሁ። ፈተናውን እንደማልፍ ያወቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ሙከራ የሠራነው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ከዛፉ ሥር አላስቀምጥ አለን። ጥያቄ አሥራ ሰባት እንዲህ ይላል፦ አንድ ባለጉዳይ የሚፈልገው ሰነድ በቦታው ካልተገኘ ሠራተኛው በቅድሚያ ምን ማድረግ አለበት? ሀ፣ ሌላ ቀን እንዲመለስ መንገር። ለ፣ ወደ ሌላ ክፍል መላክ። ሐ፣ ሰነዱን ወዲያው መፈለግና ለባለጉዳዩ ያለበትን ሁኔታ ማስረዳት። መ፣ ኃላፊው እስኪመጣ ማስጠበቅ። ሐን ከበብኩና ወደ አሥራ ስምንት አለፍኩ።

ይኼኔ አንዲት ሴት መስኮቱ ጋ መጡ። አውቃቸዋለሁ፤ ባላቸው ሞተው መሬቱን በስማቸው ለማዛወር ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ካለ ቀበሌ የሚመላለሱ አሮጊት ናቸው። ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ልጄ፣ ያ ፋይል ተገኘ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልተገኘም እናቴ፣ ነገ ይመለሱ» አልኩ። ቀና እንኳን አላልኩም፤ ሰዓት እየቆጠረብኝ ነበር።

«ቦሩ ኮታ፣ ቦሩ ኮታ» እያሉ ሄዱ። ነገ ኑ፣ ነገ ኑ ማለታቸው ነው።

ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ኢንተለ ኮ፣ አሥራ ሰባትን ሠርተሻል?»

«ሠርቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ሐ ነዋ፣ ቀላል ናት።»

«ወረቀቱ ላይ ሐ ብለሻል። ለሴትዮዋ ግን የመለስሽላቸው ሀ ነው።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ባይሆኑ ኖሮ የማልናገረው ነገር አልነበረም። ወረቀቱን አየሁት፤ ያች የከበብኳት ሐ ታፍጥብኛለች። ከዚያ ጫማዬን አጥልቄ ሮጥኩ። አሮጊቷን የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው።

«እናቴ፣ ይመለሱ። አሁን እንፈልገዋለን።»

ወንበር ሰጥቻቸው እዚያው እያዩኝ መፈለግ ጀመርኩ። የቀበሌያቸውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አወረድኩት፤ የለም። ጋሼም ተነሥተው ያግዙኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን፣ ስሙ ከነሱ ቀበሌ ስም ጋር በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ የሌላ ቀበሌ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁ። የኔ እጅ ነው። ያን ስህተት ሌላ ሰው ላይ ልጥለው ብፈልግ እንኳን ቦታ አልነበረውም።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በኔ ስህተት ነው የተመላለሱት፤ አውፍ ይበሉኝ።»

ይመርቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አልመረቁኝም።

«አውፍ ማለቱስ ቀላል ነበር» አሉ። «ለምራቴ ማን ይነግርልኛል? እሷ እኮ ገበያ ለገበያ ስዞር የምውል ነው የሚመስላት። ሦስት ቀን ሙሉ ማሽላውን ብቻዋን ስትጠብቅ።»

«እኔ እነግርልዎታለሁ።»

ከሻሻቸው ጫፍ ትንሽ ስልክ ፈተው አወጡና ሰጡኝ። ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ፤ አማትሽ ሦስቱንም ቀን እዚህ መጥተዋል፣ ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ቢሮ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር በስልክ ተናግሬ አላውቅም። ምራታቸው ወዲያው ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ዛሬስ ተገኘ?»

«ተገኝቷል።»

«አልሐምዱሊላህ። በሉ እንግዲህ ቶሎ ላኩልኝ፣ ወፉ ሊጨርሰን ነው።»

ሲሰሙ የቆዩት አሮጊት ስልኩን ተቀብለው መልሰው ቋጠሩትና፣ ያኔ ነው ፈገግ ያሉት። ፋይሉን ራሴ ይዤ ወደ ባለሙያው ክፍል አብሬያቸው ሄድኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼና እኔ የሰው ጥያቄ መጠበቅ ትተን የራሳችንን መጻፍ ጀመርን። ጠዋት መስኮቱ ጋ የደረሰውን ነገር በምሳ ሰዓት ጥያቄ እናደርገዋለን። ወረፋ ዘሎ ስለገባ የባለሥልጣን ዘመድ፤ ኦሮምኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በአማርኛ ስለተጻፈ ደብዳቤ፤ «ለሻይ» ብሎ ብር ስለዘረጋልን ባለጉዳይ። ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ እንሰጣለን፤ ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ እኛ ከዚህ በፊት ያደረግነው ስህተት ነው። እሱን መጻፍ ያሳፍራል፤ ያሳፈረ ነገር ደግሞ አይረሳም። አራተኛውን ሙከራ አርባ አራት አገኘሁ።

ለጋሼ የቀረው ችግር ፈተናው በኮምፒውተር መሆኑ ነበር። ማውዝ ነክተው አያውቁም። ከሥራ ስንወጣ ኮፒ ቤቱ ጎራ እንላለን፤ ባለቤቷ አንድ ኮምፒውተር ትለቅላቸዋለች። የስክሪኑ ቀስት ስትሸሽባቸው «ቁሚ እንጂ!» ይሏታል።

የፈተናው ቀን ክፍሉ በሠራተኛ ተሞልቶ ነበር። ከሠራናቸው ሙከራዎች በቀጥታ የመጣ ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። መልስ ሸምድደው የመጡት ወዲያና ወዲህ ማየት ጀመሩ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩ፣ «በስተቀር» የሚለውን ሳገኝ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አንዴ ቆም አልኩ፣ ምርጫዎቹን ሳላይ መጀመሪያ በልቤ መለስኩ። ስጨርስ ውጤቴን በግምት አውቀው ነበር። ወር ገደማ ቆይቶ ሲለጠፍ ከግምቴ በሁለት ብቻ ነው የተለየው፤ ያውም ወደ ላይ።

ጋሼ በሁለት ነጥብ ወደቁ።

ለሦስት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዛፉ ሥር አልመጡም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ደብዳቤያቸውን ይመዘግባሉ፣ በቃ። ማወቅ አንሷቸው እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ረጅሙን አማርኛ አንብበው እስኪጨርሱ ነው ጊዜው የሚያልቅባቸው። በአራተኛው ቀን፣ ላላለፉት ከሥልጠናው በኋላ ሁለተኛ ዙር ፈተና እንደሚኖርና በኦሮምኛም እንደሚሰጥ ተነገረ። እኔ ኦሮምኛ እናገራለሁ እንጂ ብዙ ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም ካዘጋጀናቸው ጥያቄዎች አሥሩን በኦሮምኛ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ በቀይ ብዕር ተሞልቶ ተመለሰልኝ።

«አሥር ጥያቄ፣ አሥራ አራት የፊደል ስህተት» አሉኝ። «እንዲህ እየጻፍሽ ልታስፈትኚኝ ነው?»

«ጥያቄዎቹንስ መለሷቸው?»

«አሥሩንም።»

ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ጀመሩ።

እኔ በውጤቴ ተወዳድሬ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ገባሁ፤ ቢሮዬ ከመዝገብ ቤቱ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። የሁለተኛው ዙር ውጤት የወጣ ቀን፣ ከአንድ ገበሬ ጋር የመሬት ወሰን ጉዳይ እያየሁ ሳለ ጋሼ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ገበሬው እስኪወጣ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ውጤታቸው የተጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ መልሱን በደንብ እያወቁ ጠየቁኝ፦

«ያንቺ ስንት ነበር ያልሽኝ?»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። በሦስት በልጠውኛል።