የሰዓዳ ክላክስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነገሩ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ያስታወሰኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው። ሴንትራል ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳልነሳ ብቆይ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ አደረገብኝ። የዚህ የፈረንጅ አገር ሰው እንዲህ በቀላሉ ክላክስ አያደርግም። ከመናደድ ይልቅ ሰዓዳ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባለው ከተማ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ ቤት ነበር የምኖረው። ሰዓዳ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት፤ ጥቂት ትበልጠኛለች። ጎረቤት ከተማ ፍሪድሊ የማለዳ ሺፍት ሥራ አግኝታ ነበር። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ስለሌለ፣ መንጃ ፈቃድ ካላወጣች ሥራው ይቀርባታል።

ጥቅምት ነበር፤ ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ሁሉ ቢጫ አልብሶታል። አንድ እሑድ አጎቴ ሁለት የሥራ ጓደኞቹን ምሳ ጠራ፤ ሰዓዳን ደግሞ እኔ ጠራኋት። እሷ እንድትበላ ብሎ ሥጋውን ትቶ ዓሣ ገዛ፣ ራሱም ጠበሰው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው ይህን የምነግራችሁ።

ሰዓዳ በዚያው ሳምንት ሮድ ቴስት የሚሉትን የመንዳት ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ወድቃ ነበር። ጥግ በዞረች ቁጥር ክላክስ አድርጋ ፈታኙን አስደንግጣዋለች። ይህን ስታወራን አጎቴ፣ "ሰዓዳ፣ በግ መሰለሽ እንዴ ከመንገድ የምታባርሪው?" አላት። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሳቁ አሙቆት ኖሮ፣ "ከገጠር ለመጣ ሰው መሪ ሳይሆን ጅራፍ ነው የሚሰጠው" ብሎ ጨመረበት።

የሰዓዳ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

"ልክ ነህ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ነገ ደውዬ ሥራውን አልፈልግም እላቸዋለሁ" አለች ፈገግ ብላ። ያስፈራኝ ያ ፈገግታዋ ነው።

አጎቴን በእንግዶቹ ፊት እንዳልቆጣው ያሳደገኝ ሰው ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ አብሬ ስቄያለሁ። ወደ እሷ ዞሬ የምሬን ጠየቅኋት።

"ክላክሱን ማን ነው ያስለመደሽ?"

"አባቴ" አለች። "የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የደሴን ኩርባ ስንዞር እጄን ይዞ ያስጫነኝ ነበር። ከወዲያ የሚመጣውን አታዪውም፣ እሱም አያይሽም፤ አለሁ በዪው ይለኛል።"

ማንም አልሳቀም። አጎቴ ያንን መንገድ በልጅነቱ ተጉዞበታል። "እውነቷን ነው" አለ ቀስ ብሎ፤ ከዓሣውም ደህና ደህናውን ቆርሶ በፊቷ አደረገላት።

ዛሬ ሳስበው፣ ብቆጣው ኖሮ ነገሩ የእኔና የእሱ ጠብ ይሆን ነበር፤ ሰዓዳም ዳግመኛ ታፍር ነበር። ያኔ ግን እንዲህ አስልቼ አልነበረም። በእርግጥ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው የጠየቅኋት።

አጎቴ ይቅርታ ሲላት አልሰማሁም። በሦስተኛው ፈተናዋ ቀን ግን ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ለማንም የማይሰጠውን መኪናውን አጥቦ፣ እስከ ፈተናው ቦታ እንድትነዳ ቁልፉን ለሰዓዳ ሰጣትና እሱ ከጎኗ ተቀመጠ።