መንካት የተከለከለው ድልድይ

ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

ሰማዩ ሳይቀላ ከቤት ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። መናኸሪያው በር ላይ ትኩስ ሻይ ጠጣሁና ወደ አማኑኤል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምሄደው በጥንቱ የነጋዴዎች መንገድ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ለማየት ነው። ማን እንደሠራው በእርግጥ የሚያውቅ የለም። አዋቂ ነኝ ባይ ግን ሞልቷል፤ በሀገራችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ከተገኘ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። እኛ ድንጋይ መወርወር እንጂ መደርደር የማናውቅ ይመስል! ይሄ ነገር ያናድደኛል።

ረፋድ፣ ከአማኑኤል ወዲያ

ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ይበልጣል ይባላል።

«የፖርቱጋሎቹ ድልድይ ነው የሚሄዱት?»

«ማን ነገረህ የእነሱ ነው ብሎ?»

«ሰሌዳ ተተክሎበታል እኮ!»

የታረሰው መሬት በሌሊቱ ዝናብ ጠቁሯል። ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ ሲል ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ።

ቀትር፣ ድልድዩ

ጥቁር ድንጋይ፣ በየመሃሉ የነጣ ኖራ። ሰሌዳው ሰፊ ቆርቆሮ ነው፦ «በፖርቱጋሎች የተሠራ። መንካት ክልክል ነው።» ከሰሌዳው ሥር ክንዴን የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

የወዲህ ማዶው ሽማግሌ አያ ጥሩነህ ነገሩን አስረዱኝ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የሁለቱ ማዶ ሰዎች በደቦ ይጠግኑታል። እነዚህ ከወዲህ፣ እነዚያ ከወዲያ ጀምረው መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ዘግይቶ የደረሰ ወገን እስከ ከርሞ ሲሰደብ ይኖራል። ዘንድሮ ግን ከከተማ የመጡ ሰዎች ሰሌዳውን ተክለው፣ የነካ ይታሰራል ብለው ሄዱ።

«ታዲያ ማን ሠራው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ? አባቴም አያውቅ። ግን ጠግኖታል፤ የእሱም አባት ጠግኖታል። ፖርቱጋሎቹ ይምጡና ይጠግኑት እንዳልል የት አግኝቻቸው!»

አጠገባቸው የቆሙት ወይዘሮ ውዴ ተቆጡ። «የእኔ ልጅ ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው። ጎርፍ ድልድዩን ቢወስደው ሰሌዳው ነው የሚያሻግራት?»

አያ ጥሩነህ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶ ተጣሩ፤ «እናንት ሰነፎች! ዘንድሮም እንቀድማችኋለን!» ከማዶ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው አካፋ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ። ኖራው ከተዘጋጀ ሰንብቷል፤ ልብ ነበር የጎደለው።

ሰሌዳውን ነቀሉት። ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገው አስተኙትና ኖራና አሸዋ አቦኩበት። ቆርቆሮው ለዚህ የተሠራ ይመስል ተመቸ። እኔም ጃኬቴን አውልቄ ድንጋይ ማቀበል ጀመርኩ፤ መታሰር ካለ አብረን እንታሰራለን። ለስንጥቁ የመጨረሻውን ድንጋይ አያ ጥሩነህ ለእኔ ተዉልኝ፤ በእጄ አስገብቼ ኖራ መረግሁበት። ያም ሆኖ ማዶዎቹ ቀደሙን። ስድቡን ከወገኖቼ እኩል ቀመስኩ።

አመሻሽ፣ መልስ

ይበልጣል ባጃጁን ከጭቃ አውጥቶ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ኖራ የለበሰ እጄን አየና «እና፣ ማን ሠራው?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠ ዛሬም አላውቅም። ፖርቱጋልም ከሆነ ይሁን።

«እኔም አለሁበት» አልኩት።