አስታው መሐል የገደፍኩት ጾም

መጀመሪያ የመጣው ጥማት ነው። የዐቢይ ጾም ሰሞን ስለነበር ሽሮው ጨው በዝቶበት ይሆናል ብዬ ባለቤቴን እንጉዳይን ወቀስኳት። እሷ ጨው ቀነሰች፤ ጥማቴ ግን አልቀነሰም። ከጥማቱ ሽንት፣ ከሽንቱ ክሳት ተከተለ። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ሰዎች «ቄሱ ጾሙን አጥብቀውታል» ይሉኝ ነበር። እኔም ምስጋናው የሚገባኝ ይመስል ዝም ብዬ ተቀበልኩ። በነገሩ የነቃችው እንጉዳይ ናት። አንድ ቀን ከጓሮ ተመልሳ፣ «ምነው ቄሴ፣ እርስዎ በሸኑበት ሁሉ ጉንዳን ይሰፍራል? ይሄ ሸጋ ነገር አይደለም፤ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችኝ።

ጎንደር ስንደርስ የስኳር መለኪያዋ ቁጥር ማውጣት አቅቷት «ሃይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳየች። ስኳሩ ከመለኪያዋ ዐቅም በላይ ነው ማለት ነው። ሐኪሟ ስኳሩ በዝቶ ደሜን እንደመረዘው፣ ኬቶአሲዶሲስ የሚሉት መሆኑን ነግራኝ አስተኛችኝ። ከስድስት ቀን በኋላ ስወጣ ነርሱ ኢንሱሊኑን ሰጥቶኝ፣ «መርፌውን አንድም ቀን እንዳይዘሉ። ከወጉ በኋላ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እህል ይቅመሱ» አለኝ። የሚያስቸግርዎ ነገር አለ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። የለም አልኩ። የቅዳሴ ቀን ምግብ እንደማልቀምስ ሊነገር የሚገባው ያኔ ነበር፤ አልተናገርኩም።

በመንደራችን በወይራ ውኃ መብራት የለም። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በሞላሁት ማሰሮ ውስጥ ቀብሬ አስቀምጥ ነበር። ሕመሙንም እንዲሁ ቀበርኩት፤ ከእንጉዳይ በቀር ማንም አላወቀም። የታመመ ቄስ ከመቅደስ ይውጣ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሌላም ነገር ነበር። በእኛ ሥርዓት ከሰውነቱ ደም የወጣ ቄስ በዚያ ቀን ገብቶ አይቀድስም። የኢንሱሊኗ መርፌ ደም ሳታወጣ ትገባለች፤ ስኳር ለመለካት ግን ጣት ተወግቶ ደም መውጣት አለበት። ስለዚህ በቅዳሴ ቀን መርፌውን እወጋለሁ፣ ስኳሬን ግን አልለካም። እሑድ ቅዳሴ በጠዋት ስለሚያልቅ ምግብ ቶሎ አገኛለሁ። እንዲህ እያልኩ ብዙ ወራት ሳይነቃብኝ ከረምኩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች፤ በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። በደጋው አናት ባለችው መንደር፣ በጅብራ አፋፍ፣ አንደኛው ቄስ ታመው ተኙ። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ባነሰ አገልጋይ አይቀደስም። አምስተኛ ሆኜ እንድገባላቸው አያ ባዬ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ሊወስዱኝ መጡ። የመገበሪያ ዘቢብም አልቆባቸው ስለነበር ለክትትል ጎንደር በወረድኩበት ቀን ገዝቼላቸው ነበር። የቅዳሴው ወይን ከዚያ ዘቢብ ነው የሚጨመቀው።

ጎህ ሲቀድ ኢንሱሊኔን ሙሉውን ወጋሁ። ጣቴን አልወጋሁም። እህል አልቀመስኩም። እንጉዳይ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

መንገዱ አራት ሰዓት ያስኬዳል። የመጀመሪያው እኩሌታ ጫካ ነው፤ ወይራው፣ ጥዱ፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ የዛፍ ሽበት የለበሰ። ዝናቡ አላባራም። ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ያስቀርብኝ ነበር። አያ ባዬ ከፊት ሆነው ስለ በሬያቸው ያወራሉ፤ እኔ አቤት አቤት እላለሁ። ደከመኝ። ድካሙን የዕድሜ አደረግኩት፤ ከእርሳቸው በሃያ ዓመት እንደማንስ እያወቅሁ።

ጫካው አልቆ አስታው ጀመረ። ቁጥቋጦው እስከ ደረት ይደርሳል፤ ጤዛው ልብስን ያበሰብሳል። ጉም ወርዶ ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ የቆሙ ሰዎች ይመስሉኝ ጀመር። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ዘቢብ እንዳለም አውቄ ነበር።

ልቅመስ አልኩ። ከቀመስኩ ጾሙን ገደፍኩ። ከገደፍኩ አልቀድስም። እኔ ካልቀደስኩ ያ ሁሉ ሕዝብ በፍልሰታ ያለ ቅዳሴ ሊውል ነው። ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ቀርቷል አልኩ።

አያ ባዬ ሁለት ሆኑብኝ። ወደቅኩ።

«ምነው አባቴ! ምነው!» ሲሉ ይሰማኛል። ጋኔን የጣለኝ መስሏቸው ከያዙት ጠርሙስ ጠበል ረጩኝ። ምላሴ ተሳስሯል። «ስኳር» አልኩ። «ከየት አባቴ ላምጣ?» አሉ። «ዘቢብ» አልኩ።

ቦርሳዬን ከፍተው ዘቢቡን አወጡ። እጃቸው ላይ ይዘው ቆሙ። «ይኼማ የታቦት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ዐይኔ ሲገለበጥ አዩ። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ ዘቢብ እንዴት እንደሚጨመቅ እጃቸው አልረሳም። መዳፋቸው ላይ በጠበሉ ዘፍዝፈው፣ አሽተው፣ በጎን አጋድመውኝ ጭማቂውን በጣታቸው ጉንጬን ከውስጥ ቀቡኝ። ደጋግመው ቀቡኝ። እያለቀሱ ነበር አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለዘቢቡ እንጃ።

ስነቃ አፌ ይጣፍጣል። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ እፍረት ነው።

አያ ባዬ ካፋፉ ላይ ተጣርተው ሰው አመጡ። ለቅዳሴ ተሰብስበው የነበሩት፣ እህል ያልቀመሱ ወንዶች፣ ቃሬዛ ይዘው መጥተው እኔን ወደ መኪና መንገድ ቁልቁል አወረዱኝ። ያን ቀን በጅብራ አፋፍ ቅዳሴ አልነበረም። ይቅርታ እንድጠይቃቸው አፌን ብከፍት አንደኛው ቀደመኝና፣ «አባቴ፣ ከስተዋል ሲሉ ሰምተን ነበር፤ ከብደዋልኮ!» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ጎንደር ያቺው ሐኪም ተቀበለችኝ። «ሃይፖግላይሴሚያ፣ የስኳር ማነስ ነው» አለች። «አባቴ፣ መርፌው ስኳርን ይጥላል። እህል ከሌለ የሚጥለው ሰውየውን ነው።» ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅዳሴውን፣ ደሙን፣ ያልተለካውን ስኳር። አልተቆጣችም። ወረቀት አውጥታ የጾሜን ቀናት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

ማገገሙ ከመውደቁ ይልቅ ረዝሞብኝ፣ ለሳምንታት ከአልጋ ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ አጥር እየተጓዝኩ፣ እንጉዳይ በየሰዓቱ የምትለካውን ቁጥር ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ ልቤ ግን ከጣቴ ይልቅ ስለ መቅደሱ እያሰበ ከረምኩ። በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ጣትህን ሳትወጋ ከቤትህ አትውጣ» አሉኝ። «በወጋህበት ቀን ደግሞ መቅደስ አትግባ። ማስተማሩን ግን አትተው።» ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩበት መቅደስ በዚህች ቃል ተዘጋብኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁንም የቅዳሴ ደወል ሲሰማ እግሬ ሳላዝዘው ይነሣል።

ለእንጉዳይ፣ ለሐኪሟ፣ ለነርሱ፣ በባዶ ሆዳቸው ለተሸከሙኝ ወንዶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስኳር ኖሮባችሁ የምትጾሙ፣ ይልቁንም ካህናት የሆናችሁ፣ ስለ ጾማችሁ ለሐኪም ተናገሩ፤ ሐኪሙ ያለውን ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ሳትቀንሱ አድርሱ። እኔ ለሁለቱም እኩሌታውን ደብቄ ነው የወደቅኩት። ብቻችሁን አትጓዙ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ሕመማችሁን ይወቅ፤ አያ ባዬ አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ጠበል ሲረጩ ያ ሁሉ ጊዜ ባልጠፋ ነበር።

አሁንም ወደ ጅብራ አፋፍ እወጣለሁ፤ በልቼ፣ ለክቼ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንጌል ላስተምር። ዘቢባቸውንም አሁንም እኔ ነኝ ከጎንደር የምገዛላቸው፤ ሁለት እሽግ እገዛለሁ። አስታው መሐል ያቺ ቦታ ላይ ስንደርስ አያ ባዬ ይቆሙና፣ «የእርስዎ የታል?» ይሉኛል።

ከኪሴ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ያን ጊዜ መንገድ እንቀጥላለን።