እንግዳው አናጺ

በእንጨት ሥራ ቤታችን ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ የሚሠራ አንድ አናጺ አለ። «እንግዳው» እንለዋለን። ዘጠኝ ዓመት አብሮን ሠርቶም ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ላይ ነው፤ ተነስ እንደሚባል ሰው።

እናቱ የሞተችው ስድስት ዓመት ሳይሞላው ነው። መጀመሪያ አክስቱ ዘንድ፣ ቀጥሎ አጎቱ ዘንድ፣ በኋላም የአጎቱ ሚስት እህት ዘንድ አደገ። ማንም ክፉ አልሠራበትም፤ አብልተውታል፣ አስተምረውታል። ነገር ግን በየቤቱ አንድ ቀን «አንዴ ና እስቲ» ብለው ይጠሩታል፤ ሲሄድ ልብሱ ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። እሱም አንድ ነገር አጥፍቼ ነው እያለ አደገ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የሥራ ቤቱ ባለቤት ከቢሮው አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አንተ፣ መጋዙን አስቀምጥና አንዴ ና እስቲ።»

እንግዳው ፊቱ አመድ መሰለ። «ቅዳሜ የሠራሁት በር ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማጠፊያው ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረች።»

«ልጄ፣ በሩ እንከን የለውም» አልሁት።

ቀለም ቀቢያችን ከጥግ ሆኖ ሳቀ። «እኔ ቡናማ የታዘዘውን ቁም ሳጥን አረንጓዴ ቀብቼ አለሁ አይደል? ማን በላኝ?»

ቀለም ቀቢው አባቱ ቤት ተወልዶ ከአባቱ ቤት የተዳረ ሰው ነው። ጥፋትና መባረር በአንድ ክር የተሰፉ አይመስሉትም።

እንግዳው ግን አልሰማውም። ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈው፣ መሮውንና መላጊያውን ሰብስቦ ሁሉንም ይዞ ገባ። ቢሮው በሳንቃ የተከለለ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽርጡ ነው ጋሼ። ታጥቧል።»

የባለቤቱ ድምፅ ተለወጠ።

«ገባኝ። ሌላ ቦታ አግኝተሃል። እኔ ደግሞ ዓይኔን ልታከም ስሄድ ሥራ ቤቱን ላንተ ላስረክብ ብዬ! ሞኝ ነኛ! በል፣ ይቅናህ። ስትወጣ ቀለም ቀቢውን ጥራልኝ።»

መዶሻዬን እንደ ያዝሁ ቀረሁ። የእግሩ ድምፅ ወደ በሩ መጣ። በሦስት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ቃል ሳይናገር የወጣ ሰው ነው። ተናገር እንጂ፣ አልሁ በሆዴ።

እግሩ ቆመ።

«ጋሼ፣ መሄድ አልፈልግም።»

«ታዲያ ማን ሂድ አለህ?»

«ሲጠሩኝ... ሊያስወጡኝ መስሎኝ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ እያሰብክ ነው የሠራኸው?»

ከዚያ ባለቤቱ «በል፣ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ያዝ» አለው። የቁልፍ ድምፅ ተሰማ።

«እስከ መቼ ነው?» አለ እንግዳው።

«እስክመለስ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ሥራህ! ወዴት ልትሄድ ኖሯል?»

እንግዳው ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ መጥቶም አጠገቤ ቆመ። ደስ አለው ብዬ ነበር።

«አባባ» አለኝ፣ «ዓይናቸው ድኖ ሥራዬን አጥርተው ያዩት ጊዜ፣ ሐሳባቸውን የሚለውጡ አይመስልዎትም?»