ዝገት የበላው አየር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ለዓመታት ሳስተምር የኖርኩት መርከብ ላይ ለሚሠሩ መሐንዲሶች የሚሰጠውን የኬሚስትሪ መግቢያ ስለሆነ ነው። ክፍላችን ጉርድ ሾላ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። ተማሪዎቼ በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ጫማ የጨረሱ ልጆች ናቸው። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ቦይለር ውሃ፣ ስለ ዝገት አስተምራቸዋለሁ። እነሱ ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ እኔ ወደ ቤቴ።

የባሕር ውሃ ስንፈልግ ከሱቅ ጨው ገዝቼ እበጠብጣለሁ። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠ ልጅ፣ "ቲቸር፣ በርበሬ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ። እኔ በቁጣዬ የታወቅሁ ነኝ፤ ክፍሌ ውስጥ እንኳን ሰው ዝንብም ዝም ይላል። ያን ቀን ግን ቀድሜ የሳቅሁት እኔው ነበርኩ። ልጁ ቦሌ ሚካኤል ያደገ፣ የበርና መስኮት በያጅ ልጅ ነበር። እጁ ላይ ከአባቱ ሥራ ቤት የቀረ የብየዳ ጠባሳ ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። መውደዴ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ከሌሎቹ አብልጬ እቆጣው ነበር።

ከትምህርቶቼ ሁሉ ቀልድ የማልወድበት አንድ አለ። መርከብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የሚቆዩ የብረት ታንኮች አሉ። ባዶ ናቸው፤ አይሸቱም፣ አያጨሱም። ብረቱ ግን በእርጥበቱ ይዝጋል፤ ሲዝግ ደግሞ ውስጥ ካለው አየር ኦክስጅኑን ይወስዳል። ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው የወረደ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ያየው ጓደኛው ሊያነሣው ይወርድና አጠገቡ ይወድቃል። ደንቡ አንድ ነው። አትግባ። ጩህ፣ ሰው ጥራ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ የለበሰ ይግባ።

ልጁን አስነሥቼ፣ "ጓደኛህ ታንክ ውስጥ ወድቆ ታየዋለህ፤ ምን ታደርጋለህ?" ብዬ ጠየቅሁት። አንዲት ቃል ሳያጎድል መለሰልኝ። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ብርጭቆዎቹን እያጠበልኝ፣ "ቲቸር፣ ሲሪየስሊ፣ ሰው እየሞተ ቆሞ ማየት ይቻላል?" አለኝ።

"ይቻላል። ካልቻልክ እዚሁ ቅርና በር በይድ።"

"ኦኬ ቲቸር፣ አይቆጡ" ብሎ ሳቀ።

ከወራት በኋላ ከመርከብ ላይ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ ነው። ከሥሩ፣ "ቀመስኩት ቲቸር፤ በርበሬ የለውም" ይላል። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ገረመሙኝ።

መሞቱን የነገረኝ አብሮት የተማረ ልጅ ነው። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። የዕድሩ ድንኳን አባቱ ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ተተክሏል፤ ያላለቁ የብረት በሮች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሬሳው ገና አልመጣም። ከባሕር ማዶ ለቤተሰቡ በስልክ የተነገረው ይህ ብቻ ነበር፤ አብሮት የሚሠራ የሌላ አገር ልጅ ባዶ ታንክ ውስጥ ወደቀ፣ የእኛው ልጅ ሊያወጣው ገባ፣ ሁለቱም አልተረፉም። ለቀስተኛው ይህን አላመነም። "ባዶ ታንክ ሰው ይገድላል? አንድ ነገር አድርገውት ነው እንጂ" እየተባለ ይንሾካሾካል።

አባቱ አያለቅሱም ነበር። አስተማሪው መሆኔን ሲሰሙ ወደ እኔ መጥተው ተቀመጡ።

"መምህርት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዝገት ስፍቅ ኖሬያለሁ" አሉኝ። "ዝገት ልብስ ያበላሻል፣ ሰው ሲገድል ግን አላየሁም። እሳት የለ፣ ውሃ የለ፣ መርዝ የለ። ልጄን ምን አደረጉት?" አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ጠበቁና ቀጠሉ። "ነገ ከነገ ወዲያ ሳጥኑን ያመጡልኛል። እንዴት እንደሞተ ሳላውቅ ምን ብዬ ላልቅስ?"

በቃል ብነግራቸው እንደማያምኑ ዓይናቸው ይናገር ነበር። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ብርጭቆ፣ ሳህንና ጨው አምጡልኝ አልኩ። የዕድሩ ሰብሳቢ "ሴትዮዋን ሐዘኑ ነካካት መሰለኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቱን ግን፣ "ጋሼ፣ ትንሽ ብረት ይሞርዱልኝ" አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ተነሥተው ሥራ ቤታቸው ገቡ፣ ሞረዳቸውን አነሡ። ለቅሶ ቤት መሐል የብረት መሞረድ ድምፅ ሲሰማ ድንኳኑ ጸጥ አለ።

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጨው በጠበጥኩ። ብርጭቆውን ከውስጥ አርጥቤ ብናኙን ነሰነስኩበት፤ ተጣበቀ። ከዚያ ውሃ የያዘ ሳህን ላይ ደፋሁት። "ይደር" አልኩ።

በማግስቱ በጠዋት ስመጣ አባቱ ብርጭቆው ፊት ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ብናኙ ቀልቷል፤ ውሃው ከሳህኑ ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጥቷል። "አየሩ ነው የጎደለው። ውሃው የጎደለውን ቦታ ነው የያዘው" አልኳቸው። ብርጭቆውን በእጄ ከድኜ ቀና አደረግሁትና የበራ ጧፍ እንዲያስገቡበት ነገርኳቸው። ጧፉ ከአፉ እንዳለፈ እልም አለ። እንደገና አብርተው እንደገና ሊሞክሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ብርጭቆ እንደ ታንክ አይደለም፤ ትንሽ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አየር ይሞላበታል፣ የሚጠፋው መጀመሪያ የገባው ጧፍ ብቻ ነው።

"ሥቃይ አለው?" አሉኝ።

"የለውም ጋሼ። እንደ ጧፉ ነው።"

ጧፉን ሳህኑ አጠገብ አኖሩ። "ይህን ያውቅ ነበር?"

ልዋሽ አማረኝ። ግን ልጁን አላዋቂ አድርጌ ልቀብረው አልቻልኩም። "በደንብ ያውቅ ነበር። አትግባ ብዬዋለሁ፤ አልገባም ብሎኛል።"

"ታዲያ ለምን ገባ?" አሉና መልሱን ከእኔ አልጠበቁም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። "አንድ ክረምት ሠራተኛዬን ኤሌክትሪክ ያዘው" አሉ ቀስ ብለው። "ማጥፊያው እዚያው በሩ ጥግ ነበር፤ እሱን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። እኔ ዘልዬ በባዶ እጄ አቀፍኩት። ሁለታችንንም ወረወረን፣ ሚካኤል አተረፈን። ልጄ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሰፈሩ ጀግና አለኝ። በየበዓሉ፣ 'አባዬ፣ የኤሌክትሪኩን ንገረን' ይለኛል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እነግረዋለሁ።" የጠፋውን ጧፍ እያዩ፣ "ኬሚስትሪውን ከእርስዎ ተማረ፣ መምህርት። መግባቱን ግን የተማረው ከእኔ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ አለቀሱ። እናቱ ከውስጥ ሰምታ እየጮኸች ወጣች፤ ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ፣ ለቅሶው ገና ያኔ ለቅሶ ሆነ። ሬሳው ሲመጣ አባቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረታቸውን እየመቱ ሸኙት። ስለ ታንኩ ማንንም ዳግመኛ አልጠየቁም።

አርባው ከወጣ በኋላ ጢማቸውን እንዳሳደጉ ጉርድ ሾላ መጡ፤ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልንገራቸው አሉኝ። አዲሶቹ ተማሪዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር የለበሱትን ሰውዬ ሲያዩ ቆሙ። እሳቸውም የልጃቸውን ነገር ከነታንኩ፣ ከነጓደኛው በአጭሩ ነገሯቸው። "ሰው ሁሉ ጀግና ነው ይለኛል። ነው። እናንተ ግን አትግቡ" አሉ። 

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ቢሆኑ አይገቡም ነበር?"

ልቆጣው አፌን ስከፍት አባቱ በእጃቸው አስቆሙኝ። ጠረጴዛዬን ተደግፈው ቆዩ። ባቡሩ እስኪያልፍ፣ መስኮቱ እስኪረጋ ድረስ ጠበቁ።

"እገባ ነበር" አሉ። "ዛሬም እገባለሁ። ስለዚህ እንደኔ ያለውን አባት አትስሙ። መምህርታችሁን ስሙ።"

ኮፍያቸውን አንሥተው ደረጃውን ወረዱ። እኔ ለዕለቱ ትምህርት የደፋሁትን ብርጭቆ ይዤ ልጆቹ ፊት ቀረሁ፤ የታንኩንም ትምህርት ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።