የእትዬ ዓመለወርቅ ዓይን

እትዬ ዓመለወርቅ ብር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ሌላው ሰው ብር ከነካ በኋላ ነው የሚታጠበው። እሳቸው ግን ቀድመው ታጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው መዳፋቸውን የሚዘረጉት። ቅቤና ላብ ያለበት ጣት ብሩ ላይ ምልክት ይተዋል ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር።

ከዳሞት ተራራ የሚወርደው መንገድ ሶዶ ገበያ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጨውና ድር ይሸጡ ነበር። አባታቸው ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ወላይትኛውን ከእኛ እኩል ይናገሩት ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ኖሩ። እንጀራቸው ጨው ነው፤ ስማቸው የታወቀው ግን በብር ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ልጁን የሚድር ሰው ለሙሽራዋ አንገት የሚሆን ብር የሚያስመርጠው እሳቸውን ነበር።

ሲመርጡ ማየት ደስ ይላል። አዲስ የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ጥላ ውስጥ ያነጥፋሉ። የብሩን ፊት ሳይነኩ ጠርዙን ብቻ ይዘው ቅጠሉ ላይ ያሳርፉታል። ፀሐይ ላይ አያዩም፤ «ፀሐይ ላይ የማያምር ብር አይቼ አላውቅም» ይላሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነውና። ማርትሬዛ ከሆነች የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ፣ ባለአንበሳው የምኒልክ ብር ከሆነ የአንበሳውን ጋማና ታፋ፣ ገልብጠው ደግሞ የንጉሡን ጉንጭ። ቀጥሎ ተበስቶ የተደፈነ ወይም የተሞረደ እንዳይሆን ጠርዙን በጥፍራቸው ይዞሩታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፊታቸውን ወደ ተራራው ያዞራሉ፤ ትንሽ ቆይተው ድንገት ይመለሳሉ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ጭረት ላይ ከሆነ ብሩን ይተዉታል። አንበሳው ላይ ካረፈ «ይሄ ዓይን ይገባል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከራቸው የለም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ ደብተር ይዘው ቤት ሲገቡ ነው። ያን ጊዜ የመሠረተ ትምህርት መምህሩ ፊደሎቹን በቀስታ እንድናያቸው ሲነግረን ትዝ ያሉኝ እትዬ ዓመለወርቅ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አያደርጉም። የመረጡትን ወይም የጣሉትን ብር ለራሳቸው አይገዙም፤ አይለውጡምም። አንድ ቀን አንድ ቡሉኮ ነጋዴ፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ቆንጆ ለሰው ድረው ለራስዎ አንድ አያስቀሩም?» ብሎ ሲቀልድባቸው፣ «ለራሴ ማስቀረት የጀመርኩ ቀን አንተም ብርህን ደብቀህ ታልፈኛለህ» አሉት።

የእኔ ሠርግ የተቆረጠው ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በኋላ ነበር። አባቴ ጩማ ሁለት የቆዩ ባለአንበሳ ብሮች ነበሩት። ሁለቱም አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣባቸው ናቸው፤ ገበያ ላይ ማርትሬዛ በሞላበት ዘመን እንዲህ ያለው እምብዛም አይገኝም። አንዱን እናቴ እስክትሞት ድረስ በክፈፍ አድርጋ አንገቷ ላይ አስራው ነበር። ክፈፉ ሲሰበር አባቴ ብሩን አውጥቶ ከሌላው ጋር በአንድ ጨርቅ ቋጠረው። አባቴ ለአማቾቼ፣ ተበላ ለሚባለው አገር ሰዎች፣ ልጄ የብር አንባር አድርጋ ትመጣለች ብሎ ቃል ሰጥቷል። ስለዚህ አንዱ ብር አንገቴ ላይ ይውላል፤ ሌላው ቀልጦ አንባር ይሆናል። እኔ የእናቴን ማሰር ፈለግሁ። መለየቱም ቀላል ነበር፤ የእናቴ ከቅቤዋ የተነሣ ጠቁሯል፣ ያልታሰረው ግን እንደ እርግብ አንገት ሰማያዊ ይመታ ነበር።

አንጥረኛው አንጁሎ ወናፉን ግቢያችን ተክሎ ከሰሉን ሲያቀጣጥል አባቴ ቋጠሮውን ፈታ። ሁለቱም ብሮች አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ወጡ። የእናቴን መለየት አቃተኝ። አባቴ ቶሎ ሰው ልኮ እትዬ ዓመለወርቅን አስጠራቸው።

መጥተው ታጥበው ተቀመጡ። ቅጠሉ ላይ ያሉትን ብሮች አንድ ጊዜ አዩና ቀና አሉ።

«ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ አሳየሽ፣ ኮራ ብላ። «ለጊፋታ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስንፈትግ አብሬ ፈተግኳቸው። በአመድና በሎሚ። ጥርስ መሰሉ እኮ!»

«ጥርስስ መስለዋል። ቆዳቸውን ግን ገፈፍሻቸው።»

«ብር ደግሞ ምን ቆዳ አለው?»

«አለው እንጂ። በስንት ዓመት ያበቀለውን በአንድ ጠዋት አወረድሽለት። እንኳንም ለጊፋታ ቤትሽ አልመጣሁ፤ ተቀምጬ ብታገኚኝ እኔንም ትፈትጊኝ ነበር።»

አንጁሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «እትዬ፣ የእናቴ የትኛው ነው?» አልኳቸው። «ከተሳሳትን እናቴ ያሰረችው እሳት ይገባል።»

«አንቺ መብራት፣ እንባሽን ያዥ፤ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል» አሉኝና አጎነበሱ።

አንዱን አዩ፣ ገለበጡ፣ ሌላውን አዩ፣ ገለበጡ። አንጁሎ ከሰሌ እያለቀ ነው ብሎ አጉረመረመ። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ አባቴን ጠሩት።

«አቶ ጩማ፣ ይምጡና ይዩ። አመዱ ሁለቱንም ቧጥጧል፤ ጭረቱ ያው ነው፣ ፊትም ጀርባም። እሱን እንተወው። ከጭረቱ ሥር ያለውን ይዩ። እዚህኛው ላይ አንበሳው ጋማው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሲገለበጥ ግን የንጉሡ ጉንጭ የለም፣ ሟሙቷል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ብር በሁለቱም በኩል እኩል ያልቃል። በአንድ በኩል ብቻ የሚያልቀው አንገት ላይ የኖረ ነው። ደግሞ አመድ ይቧጥጣል እንጂ እንዲህ አያለሰልስም። እንዲህ የሚያለሰልሰው ገላ ነው።»

ብሩን አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «እናትሽ ይህን ነበር ያሰረችው፤ ንጉሡን ወደ ደረቷ አድርጋ።»

እውነት ነበር። አንበሳው ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነበር፤ አቅፋኝ ስትሄድ የማየው እሱን ነበር። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

አባቴ ግን ሌላውን ብር አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። «እትዬ፣ ከሁለቱ የሚያምረው የትኛው ነው? የተበላ ሰዎች ዓይናቸው ክፉ ነው። ያለቀ ብር አስራ መጣች እንዳይሉብን።»

እትዬ ዓመለወርቅ ለእኔ ሲሉ ትንሽ ቢያዳሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«የሚያምረውማ ያ የያዙት ነው» አሉ። «በጣም ይበልጣል። ከተፈተገ በኋላ እንኳ ይዩት፣ በአንበሳው እግሮች መሐል ያ ሰማያዊው ቀርቷል። ጋማውም፣ ዘውዱም፣ ጉንጩም ሙሉ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ባለአንበሳ እጄ ገብቶ አያውቅም። የሚያምረውን ብለው ከጠየቁኝ እሱ ነው። የእናቷን ካሉኝ ይሄ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «የእናቴን» አልኩ። በእሺታ አንገቱን ነቀነቀና ቆንጆውን ብር ለአንጁሎ ሰጠው።

አንጁሎ ተቀበለ እንጂ ማቅለጫው ውስጥ አላስገባውም። «እትዬ፣ እርስዎ የጨው መግዣ ማርትሬዛ መቀነትዎ ውስጥ አለች አይደል? ይስጡኝ፣ እሷን ላቅልጥ። ይሄን እርስዎ ይያዙት። ለአንባሩ ያው ብር ነው።»

«ደግ ሐሳብ ነው!» አለ አባቴ። «ይውሰዱት እትዬ። እኔ ሌላ ብር ቢኖረኝ በለወጥኩት፤ ያለኝን ሁሉ ሠርጉ ወስዶታል።»

እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። አየሁ። ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ደረሰና ቆመ።

«አይሆንም» አሉ።

«ማን ያያል?» አለች አሳየሽ።

«አንቺ አለሽ፣ አሳየሽ። አንቺ ካየሽ ሶዶ አየ ማለት ነው።» ፈገግ ብለው ቀጠሉ። «ይህቺ ልጅ ነገ ተበላ ሄዳ ያለቀውን ብር አስራ ትቆማለች። አንዱ ተነሥቶ፣ የእናትሽ ነው ያሉሽ ቆንጆውን ለራሳቸው ሊወስዱ ነው ቢላት ምን ትመልሳለች? ይህን ጥርጣሬ አንገቷ ላይ አላስርም።»

አንጁሎ ብሩን በመቆንጠጫ ያዘ። «እንግዲያው ልክተተው?»

«ክተተው።»

ማቅለጫው ውስጥ ገባ። አንጁሎ ወናፉን ረገጠ። እኛ ሁላችን ዓይናችንን መለስን፤ እሳቸው ግን ወደ እሳቱ ጠጋ አሉ። ጋማው ቀድሞ ለሰለሰ፣ ከዚያ ያነሣው እግር፣ ከዚያ ዘውዱ። እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ብሩ እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ብቻ «በል አፍስሰው፣ እንዳይቃጠልብህ» አሉ።

ብዙ ሰው በብር ሲፈተን አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በብዛቱ ነው። እሳቸው የተፈተኑት በአንዱ ውበት ነው፤ ለዚያውም ከሁላችን በላይ ያዩት እሳቸው ነበሩ።

አባቴ እስከ ደጅ ሸኛቸው፤ እኔም ብሩን በእጄ ጨብጬ ተከተልኩ። «እትዬ፣ በእኛ ምክንያት ተጎዱ» አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ምን ጎደለብኝ? አይቼዋለሁ እኮ። ይልቅ ያቺን እህትዎን አመዷን ይዛ ወደ ጨዌ እንዳትመጣ ይንገሩልኝ።»

አባቴ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገበያው ወረዱ።